የሳንቃ ቤት ገመና በቡላኦስ

ስለ ጅቡቲ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሣው ወደቡና የምድር ባቡሩ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አነስተኛ የሚመስለውን ጉዳይ፣ ይኸውም የቡላኦስ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግቶ ሲኖር ገመናውን በምን እንደጠበቀ ነው።

ፈረንሳዮች ከተማዋን የቆረቆሯት እ.ኤ.አ. በ1888 ገደማ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቅኝ ግዛታቸውን መቀመጫ ከኦቦክ ወደዚያው አዛወሩ። በ1897 ወደ ኢትዮጵያ የሚዘልቀው ሐዲድ መነጠፍ ሲጀምር ሶማሌው፣ አፋሩ፣ ዐረቡና የእኛም አገር ሰው ሥራ ፍለጋ ተሰበሰበ። ከተማዋ ግን ሁሉን በአንድ ዓይን አላየችም። ምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው፣ ከነፃነት ወዲህ የ27 ጁን አደባባይ በተሰኘው ሥፍራ ዙሪያ፣ ግድግዳቸው የወፈረ፣ በረንዳቸው የሰፋ ቤቶች ተሠሩ። ከዚያ በስተደቡብ ባለው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ የሰፈረው ሕዝብ ግን ቦታውን የሚይዘው በጊዜያዊ ፈቃድ ነበር። ጊዜያዊ ፈቃድ የያዘ ሰው በድንጋይ አይገነባም፤ ስለዚህ ቤቱን በሳንቃና በቆርቆሮ አቆመ። በቁጥር የሚጠሩት የቡላኦስ ነባር ሰፈሮች መልክ የመጣው ከዚህ ነው።

እንግዲህ «እነዚያ ሰዎች መጨዋወት ስለሚወዱ አብረው ተፋፍገው ይኖራሉ» ማለት ታሪኩን መገልበጥ ይመስለናል። ጨዋታውን መውደዳቸው እውነት ነው፤ የግድግዳውን ውፍረት የወሰነው ግን የመሬቱ ፈቃድ ነው። በነሐሴ 1966 ጄኔራል ደጎል ሲጎበኙ ሕዝቡ ነፃነት ጠይቆ ሰልፍ ከወጣ በኋላ ደግሞ ቅኝ ገዢው ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጠራት። ባልበላ የተስፋፋችው ከዚህ አጥር ውጭ ነው።

በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። በበጋቸው፣ ማለት በእኛ ክረምት፣ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማደር ጭንቅ ነው። አልጋ ወደ ደጅ ይወጣል፤ በርም ተከፍቶ ይውላል። ታዲያ ገመና የት ይቀመጥ?

ዘመድ ጥየቃ ሄደን በአንዲት የሳንቃ ቤት በሰነበትንበት ጊዜ መልሱን በከፊል አገኘነው። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ስስ መጋረጃ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን መጽሐፍ ስናነብ፣ አንዲት ጎረቤት ደጅ ቆማ ሰላምታ አቀረበች። ባለቤቷ ስላልነበረች ዝም አልን። ሴትዮዋ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሰላም ብላ ተመለሰች። መጋረጃውን በጣቷ እንኳ አልነካችውም። ማታ ስንገናኝም «የት ነበራችሁ?» አላለችንም። በእስልምና ትምህርት ወደ ሰው ቤት የሚገባ አስቀድሞ ሰላም ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እስከ ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ካጣ ይመለሳል።

አፈርን። በእኛ ሰፈር አጥሩ የግንብ፣ በሩ የብረት ሆኖ ሳለ፣ ጎረቤት አንድ ጊዜ «ቤቶች!» ይልና «ደጆች!» እስክንል ሳይጠብቅ ሳሎን ይደርሳል። ቡና ተጠርቶ የቀረ ሰውማ ምን ሆኖ ነው ተብሎ ለሳምንት ይመረመራል። (እኛም መርምረን እናውቃለን።)

ሌላው የቡላኦስ ሰው መከለያ ሰዓት ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄደው ጫት እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሲደርስ፣ ብዙው ወንድ መብረዝ ወደሚባለው መቃሚያ ክፍል ይሰበሰባል። ጫቱን አናመሰግንም፤ ከድሀው ኪስ የሚወስደው ገንዘብ ብዙ ነው። ነገር ግን ያረፍንበት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ደብተሩን የሚዘረጋው ያን ጊዜ ነበር። ጎረቤቶቹም ሰዓቱን ያውቁለታል። ሬዲዮው ዝቅ ይላል፤ ሕፃናቱ ወደ ሌላው መንገድ ይሸኛሉ፤ ልጁም ወንዶቹ እስኪመለሱ ድረስ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን ይቀመጣል።