ስድስተኛዋ ጣት

ነገሩ የሆነው በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. ነው። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ እንቁጣጣሽ ስንት ቀን እንደቀረው በጣቶቿ ትቆጥር ነበር። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር አንድ ጣት ታጥፋለች። በአምስተኛው ቀን ማታ አምስቱም ታጠፉ፤ ጭብጧን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ «አባባ፣ ነገ እንቁጣጣሽ ነው አይደል?» አለችኝ።

አልነበረም። ነገ ጳጉሜን 6 ነው። ይህን ስነግራት ቀኑን ከኪሴ አውጥቼ የጨመርኩባት ይመስል ተቀየመችኝ። ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት አሜሪካ ያለው የአክስቷ ልጅ በስልክ «እኛ 2023 ደርሰናል፣ እናንተ ገና 2015 ናችሁ» ብሏት ኖሯል። ሁለቱን ነገር አገናኘቻቸው። «ለዚህ ነዋ ወደኋላ የቀረነው! ቀን እየጨመርን!»

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። ቀልዱ የእኔም ነበራ! በ1999 ዓ.ም. ሚሌኒየሙ ሲቃረብ፣ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ «እኛ ዘንድ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት እንኳ አርፍዶ ነው የሚገባው» እያልኩ ተማሪ አስቄያለሁ። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ቀልድ መሆኑን ያውቃል። የስድስት ዓመት ልጅ ግን «ወደኋላ ቀርተናል» ካሏት ቀርተናል ማለት ነው፤ በዓሉንም የምትቀበለው እንደ አርፋጅ አንገቷን ደፍታ ነው። እኛ ደግሞ ልብስ ገዝተን፣ ዶሮ አሳርደን፣ አበባዬሆሽ ካስባልን ልጆቹ አዲስ ዓመትን ያወቁት ይመስለናል።

እንግዲህ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። የለመደብኝን ሌክቸር ጀመርኩ። ንግሥተ ሳባ ከሰሎሞን ዘንድ ስትመለስ መኳንንቶቿ «እንቁ ለጣጣሽ» ብለው ተቀበሏት የሚለውን አፈ ታሪክ ገና ከመጀመሬ «ንግሥቷ ምን ጣጣ ነበረባት?» አለችኝ። ሌክቸሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ዳቦ አስመጣሁ። አንዱን ክብ ዳቦ አራት ቦታ እኩል ቆረስኩት። አሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ይዘው 360 ይሆናሉ፣ አምስቱን ቀን ጳጉሜን ታስጠጋለች፤ ከዚያ በኋላ የምትተርፍ ሩብ ቀን አለች፣ እሷ ቤት የላትም፣ አልኳት። በዮሐንስ ዓመት አንዷን ሩብ ሳህን ላይ አኖርን። በማቴዎስ ሁለተኛዋን፣ በማርቆስ ሦስተኛዋን። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበርና አራተኛዋን ራሷ ጨመረች። ቁራሾቹ ገጠሙ፤ ሙሉ ዳቦ! ጭብጧን ፈታች፣ የሌላኛውን እጅ አንድ ጣት አወጣች፣ ስድስት።

«ባንጨምረውስ?»

ይህን ጥያቄ የጥንት ግብፆች ኖረውበታል። እነሱም ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትና አምስት ትርፍ ቀናት ነበሯቸው፤ ሩቧን ግን ይተዋት ነበር። በዚህም አዲስ ዓመታቸው በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እየተንሸራተተ ወቅቱን ሁሉ ይዞር ነበር። በ238 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሣልሳዊ በጥሊሞስ ስድስተኛ ቀን ይጨመር የሚል አዋጅ ቢያወጣም አልጸናም፤ የጸናው ኋላ ሮማውያን ግብፅን ከያዙ በኋላ፣ በአውግስጦስ ዘመን ነው። የእኛም አቆጣጠር ሥሩ ከዚያው ነው፤ «ጳጉሜን» የሚለው ስም ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የተጨመረ» ማለት ነው። ለልጅቷ ያልኳት ባጭሩ «ሩቧን ባንሰበስባት እንቁጣጣሽ ቀስ እያለ ሄዶ አደይ አበባ የሌለበት ወር ላይ ይወድቅ ነበር» ነው። ይህ ገባት፤ አደይ የሌለበት እንቁጣጣሽ አስደነገጣት።

የቀረው የቁጥሩ ነገር ነው። ግብፅ ያሉት ኮፕቶች አዲስ ዓመታቸውን የሚያከብሩት ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ነው። ግን ዓመታቱን የሚቆጥሩት ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ጀምረው ነውና እኛ 2016 ስንል እነሱ 1740 አሉ። ታዲያ ከእኛ 276 ዓመት ወደኋላ ቀሩ? ከፈረንጆቹ ጋር ያለን የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነትም እንዲሁ ነው። እኛ የተከተልነው በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ የቀመረውን የክርስቶስ ልደት ነው፤ እነሱ የተከተሉት ሮም የነበረው ዲዮናስዮስ በ525 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ነው። የሁለት መነኮሳት ሒሳብ ነው እንጂ የሩጫ ውጤት አይደለም። ጃንዋሪ 1 ቢሆንስ? እንግሊዞች እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ዓመታቸውን በሕግ የሚጀምሩት በማርች 25 ነበር። በ1752 እ.ኤ.አ. ደግሞ አቆጣጠራቸውን ለማስተካከል ሴፕቴምበር 2 ተኝተው ሴፕቴምበር 14 ነቁ። ይህንን እንደ ተረት ነገርኳት።

«በመሀል የተወለዱት ልጆች ልደታቸው ተበላ?» አለችና ለእነሱ አዘነች። ስለ እኛ ወደኋላ መቅረት ያን ማታ ዳግመኛ አላነሳችም።

በልጅነቴ መስከረም 1 ቀን እናቴ እጄን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትወስደኝ ነበር። ካህኑ የዓመቱን ወንጌላዊ፣ ጾሙንና በዓሉን ሲያውጁ ምንም ባይገባኝም ዓመቱ በስሙ ተጠርቶ የገባ እንግዳ ይመስለኝ ነበር። የልጅ ልጄም ጳጉሜን 6ን ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች «ዛሬ የሉቃስ ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው» ስትል ዋለች። የቤቱ ሠራተኛም የጥበቃውም ሰው ሰሙ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የአክስቷ ልጅ ደወለ። እንኳን አደረሰህም ሳትለው «እናንተ ሩቧን የት ነው የምታስቀምጧት?» አለችው። ልጁ ግራ ገብቶት እናቱን ጠየቀ። እነሱም ቀን እንደሚጨምሩ፣ የእነሱ ፌብሩዋሪ 29 እንደሆነ፣ የሚመጣውም ከአምስት ወር በኋላ በ2024 እንደሆነ እናቱ ነገረችው።

«እኛ እኮ ትናንት ጨመርን» አለችው። «ገና ናችሁ።»