የጨጓራ ፕሮቶን ፓምፕ አሠራር እና የአሲድ ቀናሽ መድኃኒቶች አጠቃቀም

ፕሮቶን ፓምፕ በሕዋስ ሽፋን ላይ የሚገኝና የሃይድሮጂን ቅንጣቶችን ማለትም ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ አንድ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግር ፕሮቲን ነው። ፕሮቶን በበዛበት ቦታ አሲድነት ይጨምራል። ለቃርና ለጨጓራ ቁስለት የሚታዘዙት እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት በጨጓራ ውስጥ ያለውን ይህን ፓምፕ በማስቆም ነው። የፓምፑን አሠራር ማወቅ መድኃኒቱ መቼ እንደሚወሰድ እና ለምን ብቻውን ሁልጊዜ እንደማያድን ለመረዳት ያግዛል።

ፓምፑ የት ይገኛል?

ፕሮቶን ፓምፖች በጨጓራ ብቻ የተወሰኑ አይደሉም። በኩላሊት ውስጥ ትርፍ አሲድን ወደ ሽንት ያስወጣሉ፤ በአጥንት ውስጥ ደግሞ አሮጌ አጥንትን የሚያፈርሱ ሕዋሳት ይጠቀሙባቸዋል። በዘር በሚተላለፍ ጉድለት የኩላሊቱ ፓምፕ በአግባቡ ካልሠራ በደም ውስጥ አሲድ ይከማቻል፤ በአንዳንድ ሕሙማን ላይም የመስማት ችግር አብሮ ይከሰታል። ጉድለቱ በአጥንት ሕዋሳት ላይ ሲሆን አጥንት ከመጠን በላይ ይጠጥራል፤ ሆኖም በቀላሉ ይሰበራል።

የጨጓራው ፓምፕ እንዴት ይሠራል?

በጨጓራ ግድግዳ ላይ የሚገኙ ልዩ ሕዋሳት ኤቲፒ በተባለው የሕዋስ ኃይል በመጠቀም ፖታሲየምን ወደ ውስጥ እያስገቡ ፕሮቶንን ወደ ጨጓራ ይገፋሉ። በዚህም ምክንያት በጨጓራ ውስጥ ያለው የፕሮቶን ክምችት በደም ውስጥ ካለው ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሊበልጥ ይችላል። አሲዱ ምግብ እንዲፈጭ ይረዳል፤ ከምግብ ጋር የሚገቡ ብዙ ተህዋስያንንም ይገድላል። ጨጓራ ከራሱ አሲድ የሚጠበቀው በውስጠኛው ገጽ ላይ ባለው ዝልግልግ ሽፋን ነው።

የቁስለት መንስኤ ምንድን ነው?

ቁስለት በአብዛኛው የሚከሰተው ይህ መከላከያ ሲዳከም ነው። ዋነኞቹ መንስኤዎች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ እና እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። የባክቴሪያውን ሚና ያሳዩት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻል እና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ፓምፑን ማስቆም ቁስሉ እንዲሽር ጊዜ ይሰጣል፤ ባክቴሪያውን ግን ለብቻው አያጠፋም። ባክቴሪያው መኖሩ በምርመራ ከተረጋገጠ ከአሲድ ቀናሹ ጋር ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ፤ ሕክምናውም በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀናት ይወስዳል። ሕመሙ ቢታገስም እንኳ መድኃኒቱን አለማቋረጥ ያስፈልጋል። ምርመራ የሚያደርግ ሰው ኦሜፕራዞል እየወሰደ ከሆነ አስቀድሞ ለባለሙያው ማሳወቅ አለበት፤ መድኃኒቱ የሰገራና የትንፋሽ ምርመራ ውጤትን ሊያዛባ ስለሚችል ከምርመራው በፊት በአብዛኛው ለሁለት ሳምንት ይቆማል።

መድኃኒቱ መቼ ይወሰዳል?

መድኃኒቱ የሚይዘው በሥራ ላይ ያሉ ፓምፖችን ነው። ፓምፖቹ በብዛት ሥራ የሚጀምሩት ምግብ ሲበላ ስለሆነ መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በተለይም ከዕለቱ የመጀመሪያ ምግብ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። በጾም ወቅት የመመገቢያ ሰዓት ስለሚለወጥ የመድኃኒቱን ሰዓት ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካክሮ መወሰን ይገባል። እንክብሉ አይታኘክም፤ አይፈጭም። ሙሉ ውጤቱ የሚታየው በተከታታይ ለጥቂት ቀናት ከተወሰደ በኋላ በመሆኑ በመጀመሪያው ቀን ለውጥ አለመኖሩ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሁኔታዎች

ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ መውሰድ አይመከርም። የረጅም ጊዜ አጠቃቀም ከማግኒዥየምና ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከአጥንት ስብራት እንዲሁም ከአንጀት ኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ ይታያል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቆይቶ በድንገት ሲቆም አሲድ ለጊዜው ሊጨምር ስለሚችል አቋራረጡን ከባለሙያ ጋር መወሰን ይሻላል። ክሎፒዶግሬል ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ይህንኑ ለፋርማሲ ባለሙያው መንገር አለባቸው፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ከኦሜፕራዞል ጋር ሲወሰዱ ኃይላቸው ይቀንሳል።

አፋጣኝ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች

ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ድንገተኛና ከባድ የሆድ ሕመም፣ እንዲሁም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት የደረት ሕመም ሲከሰት አሲድ ቀናሽ ወስዶ መጠበቅ አይገባም፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ምግብ ለመዋጥ መቸገር እና ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስም በቶሎ መመርመር ያለባቸው ምልክቶች ናቸው።