ከሥዕሉ ተቀንሶ ለፍጥነቱ

ከመርካቶ ወደ ምዕራብ በአጠና ተራ አልፎ እስከ ቀራንዮ መድኃኔዓለምና እስከ ዓለም ባንክ በሚዘልቀው በኮልፌ ቀራንዮ፣ የተኩስ ነገር ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የጦር ትምህርት የተማሩት በዚያ ነበርና። እኔ ግን ላወሳው ያሰብሁት ደም የማይፈስበትን፣ ባሩድም የማይሸትበትን፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር በተደረደሩ ኮምፒዩተሮች ፊት የተካሄደውን ሌላ ተኩስ ነው። ይህም የተኳሾቹ ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ደካማ መኪና ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥዕል እንዲሥል በታዘዘ ጊዜ የትኛው ጌጥ ሊነሣለት፣ የትኛውስ ሊቀርለት እንደሚገባ የመረመሩ ወጣቶች ታሪክ ነው።

የሰፈሩ ልጅ ጆተኒውንና ከረንቡላውን ትቶ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት በገባበት ዘመን ይህ ምርመራ አላስፈለገውም፤ ፕሌይስቴሽን ፋብሪካው የወሰነለትን ሥዕል ብቻ የሚሥል ዕቃ ነውና። ኮምፒዩተር ግን እንደ ገዢው ኪስ ይለያያል። በጌም ቤቶቹ የተለመደው ደግሞ ለቢሮ ጽሕፈት ተሠርቶ፣ በሌላ አገር አገልግሎ የመጣ ዴል ወይም ኤችፒ ስለ ነበረ፣ የራሱ የግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ለሥዕሉ የሚሆነውንም ማኅደር ከራሙ ላይ እየተበደረ የሚሠራ ነበረ።

የነገሩ ጥንተ መሠረት ግን ከኮልፌ ሩቅ ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ኢድ ሶፍትዌር የተባለው ድርጅት ዱም የተሰኘውን ጨዋታ ባወጣ ጊዜ፣ ሥዕሉ 320 በ200፣ በጠቅላላው 64,000 ነቁጥ ብቻ ነበረ፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ ከ35 ሥዕል አያልፍም። ይህ እንኳ ለብዙዎቹ የዘመኑ ኮምፒዩተሮች የከበደ ሸክም ስለ ሆነ፣ የድርጅቱ ጆን ካርማክና ባልደረቦቹ ለድኻው ሁለት መውጫ ተዉለት፤ ይኸውም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለባቸው ቁልፎች የሥዕሉን መስኮት ማጥበብ፣ አለዚያም ኤፍ5ን ተጭኖ የአግድሙን ነቁጥ በግማሽ ማሳነስ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቩዱ የተባለው ካርድ ወጥቶ የሥዕሉን ድካም ከዋናው አንጎል ላይ አነሣለት፤ ከዚያም ወዲህ ካርድ ያለውና የሌለው ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሆነው ሁለት ዓለም ያዩ ጀመር።

ለአዲስ አበባ ጌም ቤት የተስማማው ግን ካውንተር ስትራይክ ነው። ሚን ሊና ጄስ ክሊፍ በ1991 ዓ.ም. ሃፍ ላይፍ በተባለው ጨዋታ ላይ ተመሥርተው ሠሩት፤ ስሙ የጸናለት 1.6 የተሰኘው ቅጂም በ1996 ዓ.ም. ወጣ። ኢንተርኔት በማይታመንበት አገር አንዱን ኮምፒዩተር አገልጋይ አድርጎ ሌሎቹን በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት ይበቃዋል። በሥዕሉም በኩል ሶፍትዌር፣ ኦፕን ጂኤልና ዳይሬክት ሥሪዲ የሚባሉ ሦስት መንገዶች ስለ ነበሩት፣ ካርድ የሌለው መኪና ሶፍትዌሩን መርጦ፣ ምንም እንኳ ግድግዳው የሻከረና የተቆራረጠ ቢሆንበት፣ ከጨዋታው አይቀርም ነበር።

ልጆቹ «ስታክ አደረገ» ብለው ያማረሩበትን ነገር ስሌቱ ይገልጠዋል። 1024 በ768 ማለት 786,432 ነቁጥ ነው፤ 640 በ480 ግን 307,200 ብቻ ስለ ሆነ፣ ሬዞሉሽኑን የቀነሰ ሰው ከመኪናው ጫንቃ ላይ ከግማሽ የሚበልጠውን ሸክም አወረደ። በሴኮንድ 30 ሥዕል የሚያይ ተጫዋች ለእያንዳንዱ ሥዕል 33 ሚሊሴኮንድ ያህል ሲጠብቅ፣ 60 የሚያየው 17 ገደማ ብቻ ይጠብቃል፤ ጠላት ከማዕዘን ብቅ በሚልባት ቅጽበት ይህች ልዩነት ሞትና ሕይወት ናት።

ቀጥሎ የሚነሣው በኋለኞቹ ጨዋታዎች የበረታው ጽላሎት ነው። መኪናው ጥላን ለመሣል ራሱ ብርሃኑ ባለበት ቆሞ ያንኑ ትዕይንት እንደገና መመልከት ስላለበት፣ ለአንድ ሥዕል የሁለት ድካም ይከፍላል። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳኑን መሬት ላይ ጥላ ሳይጥሉ ሥለው ምእመኑ አንዳች እንደ ጎደለበት አልተሰማውም፤ ተኳሹም እንዲሁ ያለ ጥላ አልተቸገረም። የጠርዝ ማለስለሻውም አብሮ ይነሣል። ቪሲንክ የሚባለው ግን ሥዕሉን ከመሰንጠቅ ቢያድነውም የእጅን ትእዛዝ ስለሚያዘገይ፣ እኔ በተኩስ ጨዋታ ላይ ቦታ የለውም ከሚሉት ወገን ነኝ። የግድግዳውና የልብሱ ዝርዝር ማኅደሩ እስከ ቻለ ድረስ ፍጥነትን እምብዛም ስለማይነካ፣ እርሱን አስቀድሞ የሚያጠፋ ሰው ያለ ጥቅም ራሱን ያደኸያል። ማኅደሩን ከራም ለሚበደር መኪናም፣ በአንዱ ራም አጠገብ አምሳያውን መሰካት ሴቲንጉን ሁሉ ከማውረድ ይልቅ የሚረዳበት ጊዜ አለ፤ የመበደሪያው መንገድ እጥፍ ይሆንለታልና።

በበጋ ከመንገዱ የሚነሣው አቧራም ማራገቢያውን እየደፈነ መኪናውን ስለሚያግል የራሱ ድርሻ ነበረው። ፔንቲየም 4 የተባለው አንጎል ሲግል ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ከፍታው 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ማራገቢያው የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ሴቲንግ ሲያወርድና ሲያወጣ የዋለ ባለ ጌም ቤት የመኪናውን ክዳን ከፍቶ በብሩሽ ቢጠርገው መድኃኒቱን ባገኘ ነበር።

ካውንተር ስትራይክ 2 መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ። በአንድ ወገን ጽላሎት ክብሩን መለሰ፤ ከግድግዳ ጀርባ የቆመ ጠላት በጥላው ይታወቃልና፣ በውድድር የሰለጠኑት ከሌላው ብዙውን ሲያወርዱ እርሱን ከፍ አድርገው ይተዉታል። በሌላው ወገን ኤፍኤስአር የሚባለው ጥበብ ሥዕሉን በትንሽ መጠን ሥሎ ኋላ ያሰፋዋል፤ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ምሥጢሩ ኤፍ5 ካደረገው የራቀ አይመስለኝም። አሮጌዎቹ የቢሮ መኪናዎች ግን አዲሱን ጨዋታ ሊከፍቱት እንኳ አይችሉም፤ 1.6 ግን ዛሬም በእነርሱ ላይ ይሮጣል።