በምጽዋ ወደብ የተገናኙ ሁለት እንግዶች

ሰው በባሕር ማዶ የሚኖረውን ሌላ ሰው በዓይኑ ከማየቱ በፊት በሐሳቡ ሥሎ ይጠብቀዋል። በመጨረሻም ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚጋጩት ሁለቱ ሰዎች ሳይሆኑ፣ አንዱ ስለ ሌላው የሣለው ሥዕል ከእውነተኛው መልክ ጋራ ነው። በዘመናችን ይህንን ነገር የሚያሳዩ ብዙ የፈጠራ ታሪኮች ተጽፈዋል። ወደ ከዋክብት የሚጓዝ መርከብ ከማይታወቅ ምድር ላይ ያርፋል፤ መርከበኞቹም ቋንቋቸውና ወጋቸው ከማይታወቅ ፍጥረታት ጋራ ይገናኛሉ፤ ሰላምታው እንደ ዛቻ፣ ስጦታው እንደ ስድብ ይቈጠራል። አንባቢም በዚህ ይሥቃል። ነገሩ ግን የፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1977 አሜሪካኖች ቮዬጀር የተባሉትን ሁለት መንኰራኵሮች ወደ ሕዋ ሲልኩ በ55 ቋንቋዎች የተቀዳ ሰላምታ ጭነውባቸዋል። ሰላምታውን የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ፣ ጆሮም እንዳለው እንኳ ላኪዎቹ አያውቁም።

እንዲህ ያለው ግንኙነት ምን እንደሚመስል ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ አያስፈልገውም። በገዛ አገራችን ታሪክ ውስጥ በ1520 በምጽዋ ወደብ የሆነውን መመልከት ይበቃዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ ከእኛው ከጎጃም የራቀ አይደለም። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 በሕፃንነታቸው ሲነግሡ መንግሥቱን በብልሃት ይመሩ የነበሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። እቴጌ እሌኒ በጎጃም ሰፊ ርስት ነበራቸው፤ በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘውን የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማና በአካባቢዋ ያለን ሰዎች መርጡለ ማርያምን በስሟ ሁላችንም እናውቃታለን። ነገር ግን ያችን ደብር ያሠሩት ንግሥት ከባሕር ማዶ ካለ ሕዝብ ጋራ ለመነጋገር አስቀድመው ደብዳቤ የጻፉ መሆናቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

እቴጌ እሌኒ የቱርክና የግብፅ ኃይል በቀይ ባሕር ላይ እንደሚያሰጋ ተረድተው ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ በ1509 ገደማ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላኩት። የመልእክታቸው ፍሬ ነገር፣ በእኛ ዘንድ ስንቅና ተዋጊ ሞልቷል፤ በባሕር ላይ የሚሄድ መርከብ ግን የለንም፤ እናንተ በባሕር እኛ በየብስ ሆነን እንረዳዳ የሚል ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው አለመግባባት የደረሰው በዚሁ በማቴዎስ ላይ ነው። በ1512 ሕንድ ሲደርስ በአክብሮት የተቀበሉት እንዳሉ ሁሉ፣ ይህስ ሰላይ ነው ብለው የጠረጠሩት ብዙዎች ሆኑ፤ በመርከብ ሲጓዝም በእግር ብረት አሰሩት። በ1514 ሊዝቦን ሲደርስ ግን ንጉሡ በክብር ተቀበለው፤ ያንገላቱትንም ሰዎች አሳሰረለት።

ፖርቱጋሎች የኢትዮጵያን መልእክተኛ ያልተረዱበት ምክንያት ነበራቸው። በአውሮፓ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄስ ዮሐንስ ስለሚባል ንጉሥ የሚነገር ተረት ነበረ። ይህ ንጉሥ በምሥራቅ አገር ክህነትን ከመንግሥት ጋራ አጣምሮ የያዘ፣ ወርቁና ዕንቁው የማይቈጠር፣ ሠራዊቱም እንደ አሸዋ የበዛ ነው ይባል ነበር። ይኸንኑ ንጉሥ በእስያ ፈልገው ስላጡት ውሎ አድሮ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው አሉ። ስለዚህ ወደ እኛ አገር የመጡት መልእክተኞች የሚፈልጉት ልብነ ድንግልን አልነበረም፤ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ በመጽሐፍ ሲያነቡት የኖሩትን ሌላ ሰው ነበር። በእኛም በኩል ቢሆን የፍራንክ ክርስቲያኖች አንድ ቀን በባሕር መጥተው ይረዱናል የሚል ተስፋ አስቀድሞ ነበረ። ሁለቱም ወገኖች የሚጠብቁት ሰው ነበራቸው፤ የተጠበቀው ሰው ግን ከሁለቱም ወገን አልመጣም።

ማቴዎስን መልሶ እንዲያደርስ የተሾመው የመጀመሪያው መልእክተኛ ሽማግሌው ዱዋርቴ ጋልቫኦ በ1517 በቀይ ባሕር ውስጥ ባለችው በቃማራን ደሴት ሞተ። በ1520 በሚያዝያ ወር ግን የሕንዱ ገዥ ዲዮጎ ሎፔዝ ደ ሴኬይራ መርከቦቹን ይዞ ምጽዋ ደረሰ። የደሴቲቱ ነዋሪዎች መርከቦቹን ባዩ ጊዜ ወደ ሕርጊጎ ሸሹ። በኋላ ግን ክርስቲያኖች መሆናቸው ሲታወቅ የደብረ ቢዘን መነኰሳት ወርደው በደስታ ተቀበሏቸው። ባሕር ነጋሹም መጣ። ይሁን እንጂ ገና ከመጀመሪያው አንድ ትንሽ ነገር አስቸገረ፤ ይኸውም ማን ወደ ማን ይሂድ የሚለው ነው። ገዥው ወደ ባሕር ነጋሹ ሰፈር ቢሄድ ክብሩ የሚቀንስ መሰለው፤ ባሕር ነጋሹም ወደ ባሕሩ ዳር ቢወርድ እንደዚሁ። ከብዙ መመላለስ በኋላ በመካከሉ ሜዳ ላይ ተገናኝተው በመስቀል ተማማሉ።

ከዚያ ዶን ሮድሪጎ ደ ሊማ ዋና መልእክተኛ ሆኖ ከጥቂት ሰዎች ጋራ ወደ ደጋው ወጣ። ከእነርሱም ጋራ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነበረ፤ ያየውን ሁሉ ጽፎ ያቈየልን እርሱ ነው። ሠዓሊ፣ ሐኪምና ኦርጋን የሚመታ ሰውም በመካከላቸው ነበሩ። ማቴዎስ ግን የንግሥቲቱን መልእክት አድርሶ ወደ አገሩ ደጅ ከገባ በኋላ ንጉሡን ሳያይ በዚያው በደብረ ቢዘን ዐረፈ። መልእክተኞቹ ጓዛቸውን የሚያሸክሙት ለየአገሩ ገበሬ ነበር። መንገድ መሪው ሕዝቡን ስላስጨነቀና ስለደበደበም በአንድ ስፍራ የድንጋይ ናዳ ወረደባቸው። እንግዶቹ ይህንን የአገሩ ሰው ጠላትነት አድርገው ሊያዩት ይችሉ ነበር። ገበሬው ግን በእነርሱ ላይ ቂም አልነበረውም፤ ያስመረረው ሸክሙና ዱላው ነው።

በጥቅምት ወር 1520 ከንጉሡ ሰፈር ሲደርሱ ወዲያው ወደ ንጉሡ አልቀረቡም። ምግብና መጠጥ በየቀኑ ይላክላቸዋል፤ ንጉሡን ማየት ግን የለም። ሌሊት ይጠራሉ፤ በብርድ ቆመው ከቈዩ በኋላ ወደ ድንኳናቸው ይመለሳሉ። ጥያቄው በመላክተኛ ይመጣል፤ መልሱም በመላክተኛ ይሄዳል። ዶን ሮድሪጎ፣ የንጉሤን ቃል ለንጉሡ ራሱ ካልሆነ ለሌላ አልናገርም አለ። እርሱ በመላክተኛ መነጋገርን እንደ ንቀት ቈጠረው። በእኛ ቤተ መንግሥት ሥርዐት ግን ንጉሥ ከመጋረጃ ውስጥ ሆኖ በአፈ ንጉሥና በዐቃቤ ሰዓት አማካይነት መናገሩ የክብር ደንብ ነው፤ ደጅ መጥናትም ለመኳንንቱ ጭምር የተለመደ ነው። በመጨረሻ በኅዳር ወር መጋረጃው ሲገለጥ ያዩት የተረቱን ሽማግሌ ቄስ ሳይሆን ዕድሜው ሃያ ሦስት ዓመት የሚገመት ጠይም ወጣት ንጉሥ ሆነ።

ስጦታውም ሌላ ችግር አመጣ። ንጉሥ ማኑኤል ለኢትዮጵያ የላከው የከበረ ስጦታ በሕንድ ተበታትኖ ስለቀረ፣ መልእክተኞቹ ይዘው የመጡት አንድ ሰይፍና ጩቤ፣ አራት የግድግዳ መጋረጃ፣ ጥሩርና ራስ ቁር፣ ሁለት ትንንሽ መድፎች፣ ኦርጋንና የዓለም ካርታ ነው። ነገሩ እንደሚያንስ ራሳቸው ስላወቁ ለስንቃቸው ከያዙት ቁንዶ በርበሬ ጨመሩበት። ንጉሡም፣ ከማቴዎስ ጋራ የተላከው ስጦታ ወዴት አለ ብለው ደጋግመው አስጠየቁ። ካርታውን በተመለከቱ ጊዜ ደግሞ ፖርቱጋል በዳር የተቀመጠች ትንሽ አገር ሆና ታየቻቸው፤ ይህች ብቻዋን ባሕሩን ከቱርክ ልትጠብቅ አትችልምና ሌሎቹ የክርስቲያን ነገሥታት ቢረዷት ይሻላል የሚል ሐሳብ ሰጡ። መልእክተኞቹ ኀይላቸውን ያሳይልናል ብለው ያመጡት ካርታ ትንሽነታቸውን አሳየባቸው። ንጉሡ ግን አልተሳሳቱም፤ ካርታውን ከባለቤቶቹ የበለጠ አንብበውታል ማለት ይቻላል።

ከዚያም ንጉሡ እንግዶቹን ሁለት ሁለት እየሆኑ በሰይፍ እንዲጫወቱ፣ እንዲዘፍኑና እንዲጨፍሩ አዘዟቸው። እነርሱም አደረጉት። ይህ ትዕዛዝ የዶን ሮድሪጎን ማዕረግ ለማዋረድ የተሰጠ አይደለም፤ የማያውቁትን ሕዝብ ጠባይ ለመመርመር ነው። ይሁን እንጂ እንግዶቹ ያሳዩት እውነተኛ የሰይፍ ጨዋታ ሳይታዘዝ የመጣው ነው። ዶን ሮድሪጎና ሁለተኛው መልእክተኛ ጆርጅ ደ አብረው በበቅሎና በቀለብ ክፍያ ተጣልተው ሰይፍ እስከ መማዘዝ ደረሱ። የአገራችን ሰዎች በመካከል ገብተው ሊያስታርቋቸው ደከሙ፤ ንጉሡም ለየብቻ እንዲያድሩ አደረጉ። ከዚያን ያህል ርቀት ለመታረቅና ለመተባበር የመጡ ሰዎች በመካከላቸው አለመታረቃቸው ለተመልካች አስደናቂ ሆነ።

በሃይማኖት ነገር ደግሞ ንጉሡ ቄስ አልቫሬዝን በትዕግሥት ጠየቁት። የቅዳሴ ልብሱን እንዲለብስና የእያንዳንዱን ልብስ ምሥጢር እንዲናገር አዘዙት፤ እርሱም ተናገረ። በ1521 የጥምቀትን በዓል ባየ ጊዜ ግን ሰዎቹ ዳግመኛ የሚጠመቁ መስሎት፣ ጥምቀት አንዲት ናት ሲል ተቃወመ። ስለ ብዙ ነገር በቅንነት የጻፈ ሰው ነውና ስለዚህ አናማርረው። እንዲያውም የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከገለጸ በኋላ ከዚህ አብልጬ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ስለ ፈራ፣ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ አረጋግጧል። ስለ ጎጃምም የእቴጌ እሌኒ ግዛት መሆኑን፣ በዚያ ስላሠሩት ቤተ ክርስቲያንም ሀብት የሰማውን ጽፏል፤ ነገር ግን እግሩ ጎጃምን አልረገጠም። መልእክተኛ ልከው ያስጠሯቸው ንግሥትም እንግዶቹ በአገራችን ሳሉ ዐረፉ።

እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲቈይ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ይባላል። መልእክተኞቹ ሊወስዳቸው የሚመጣው መርከብ ሳያገኛቸው እየተመለሰ እስከ 1526 ድረስ ስድስት ዓመት ቈዩ። ከእነርሱም በፊት የመጣው ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል የአገራቸው ሰው ነበረ። በ1487 ከፖርቱጋል ተልኮ ወጥቶ በኢትዮጵያ ሚስትና ርስት ተሰጥቶት ቢኖርም ወደ አገሩ ለመመለስ አልተፈቀደለትም። እርሱ ቋንቋችንን ስላወቀ ለመልእክተኞቹ ጠቃሚ አስተርጓሚ ሆናቸው። ሁለቱ ወገኖች በደኅና የተነጋገሩት እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል በመካከላችን በኖረ በአንድ ሰው አፍ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከእነርሱ ጋራ የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ መነኵሴው ጸጋ ዘአብ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። አሁን እንግዳው የእኛ ሰው ሆነ። በሊዝቦን ለብዙ ዓመት ደጅ ጠና፤ የአገሩ ካህናት ሃይማኖቱን እየመረመሩ ነቀፉት፤ ቅዱስ ቍርባንም ከለከሉት። እርሱም ስለ ሃይማኖታችን የእምነት ቃሉን ጽፎ ለሊቁ ለዳሚያኦ ደ ጎይሽ ሰጠው፤ ጎይሽም በ1540 አሳተመው፤ መጽሐፉ ግን በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ተከለከለ። በዚያው በ1540 የአልቫሬዝ መጽሐፍ በሊዝቦን ታተመ። ፖርቱጋሎች ስለ እኛ የጻፉትን በደስታ አነበቡ፤ እኛ ስለ ራሳችን የተናገርነውን ግን ለመስማት አልፈለጉም።

ይህም ታላቅ ዋጋ አስከፈለ። በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ዘመተ፤ በ1542 ተማርኮ ተገደለ፤ የቀሩት ወታደሮቹ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋራ ሆነው በ1543 በወይና ደጋ ድል አደረጉ። የእቴጌ እሌኒ ሐሳብ ዘግይቶም ቢሆን ፍሬ አፈራ። የሃይማኖቱ አለመደማመጥ ግን እያደገ ሄደ። ኢየሱሳውያን ኢትዮጵያን ወደ ሮማ ለመመለስ በተነሡ ጊዜ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 የሃይማኖታቸውን ቃል ጽፈው መለሱ። በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ለሕዝቡ የቀደመ ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ጸጋ ዘአብ በሊዝቦን በጊዜው ቢደመጥ ኖሮ ኢትዮጵያውያን በሃይማኖታቸው የማይደራደሩ መሆናቸው ከመቶ ዓመት በፊት በታወቀ ነበር።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚል ተረት አለን። በ1520 የሆነውን ስንመረምር ግን የተጎዱት ሰዎች የማያውቁትን በመፍራታቸው እንዳልተጎዱ እናያለን። የጎዳቸው ያላወቁትን እናውቃለን ማለታቸው ነው። እንግዳ መሆኑን የሚያምን ሰው ይጠይቃል፤ ዐውቃለሁ የሚል ሰው ግን ይፈርዳል። ዐፄ ልብነ ድንግል ስለ ካርታው፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ሰይፉ መጠየቃቸው ስለዚህ የሚመሰገን ነው። አልቫሬዝም በጠየቀበት ስፍራ ሁሉ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ይጠቅመናል፤ ሳይጠይቅ በፈረደበት ስፍራ ግን ይስታል።

ይህ ምክር ለነገሥታትና ለመርከበኞች ብቻ የሚሆን አይደለም። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በየቀኑ እንግዳ እንቀበላለን። ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ የማያውቀው ደንብ ካለበት ቢሮ ደጃፍ ሲቆም፣ እርሱ ለእኛ፣ እኛም ለእርሱ የባሕር ማዶ ሰዎች ነን። ቀጠሮውን እንደ ንቀት ሊያየው ይችላል፤ እኛም ዝምታውን እንደ እምቢታ ልንቈጥረው እንችላለን። ምጽዋ ላይ ሁለቱ ሹማምንት በመካከሉ ሜዳ ለመገናኘት ብዙ ሲመላለሱ ከዋሉ በኋላ ተስማምተዋል። ከሁለቱ አንዱ ጥቂት እርምጃ አስቀድሞ ቢራመድ ግን ክብሩ ባልጎደለ፣ ጊዜውም ባልጠፋ ነበር።