አቡጀዲ ላይ ያለ ታሪክ

ኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ሰዎች የሰፈራችንን ስም በቀን አሥር ጊዜ ከታክሲ ረዳት አፍ እንሰማዋለን። ቀራንዮ ግን ጌታ የተሰቀለበት ቦታ ስም ነው፤ በጥንት ገዳማት ግድግዳ ላይም ዋና ሥዕል ነው። ከስድስት ኪሎ ከተመረቅሁ ወዲህ፣ የዕረፍት ቀን ባገኘሁ ቁጥር ደብተርና እርሳስ ይዤ እነዚህን ሥዕሎች ፍለጋ መሄድ ልማዴ ሆኗል። ለዚህ መጽሔት ጻፍ ስባል፣ ስለ ጉዞው ሳይሆን ጉዞው ስላስተማረኝ ታሪክ ላውጋችሁ ብዬ አሰብሁ።

ዘጌ ላይ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እንውሰድ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ በመሐል ደግሞ አራት ማዕዘን መቅደስ አላት። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ውጪኛ ግድግዳ ላይ ነው፤ ምእመኑ እየዞረ ያነበዋል። በሮቹ ላይ ሊቃነ መላእክት ቆመው ይጠብቃሉ። በስልኩ ፎቶ የሚያነሣ ሰው “ያምራል” ብሎ ያልፋል። በእርሳስ የሚገለብጥ ግን እያንዳንዱን ዓይን መቁጠር አለበት። ጻድቁ ሁለት ዓይን ይዞ ፊት ለፊት እንደሚታይ፣ ክፉው ግን በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ እንደሚሰጠው ያኔ እጁ ይነግረዋል። ሠዓሊዎቻችን ዘመናቸውንም አልደበቁም፤ ከነጠመንጃው ባሕር ውስጥ የሚሰጥም የፈርዖን ሠራዊት ሥለዋል። ደቅ ደሴት ላይ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ለታሪክ ተማሪ ይህ ሁሉ ሰነድ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ፤ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነውና። ብዙዎቹ ሥዕሎች በቀጥታ ግድግዳው ላይ አልተሣሉም። በጭቃና በጭድ በተመረገው ግድግዳ ላይ የጥጥ ጨርቅ፣ አቡጀዲ እንደምንለው ያለ፣ ይለጠፋል፤ ቀለሙ የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነው። ጥሩ ብልሃት ነው። ግን የተለጠፈ ነገር ደግሞ ይላጣል።

እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ ተልዕኮ ጎንደር ደረሰ። አባ እንጦንስ ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው ተላጡና ወደ ፓሪስ ተጓዙ። በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስተን ሉዊ ሩ የሣላቸው አዳዲስ ግልባጮች ተሰጡ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የጉዞውን የዕለት ማስታወሻ በ1934 አሳተመ። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ይህን ታሪክ ስናነሣ “ወሰዱብን” ብለን እናቆማለን። ቁጣው ተገቢ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላም ነገር አለ። ያ ልውውጥ የቆመው “አሮጌውን ስጡ፣ አዲሱን ውሰዱ” በሚል ሐሳብ ላይ ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ ከፈረንሳዮቹ ጋር አብሮ አልሄደም። “ደብዝዟል፣ ይታደስ” ተብሎ አሮጌ ሥዕል በአዲስ የዘይት ቀለም ሲሸፈን፣ ወይም ማተሚያ ቤት ባወጣው ባነር ሲተካ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ያደረገ የውጭ ሰው የለም። ሐሳቡም ክፉ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ቤት እንዲያምር ከመሻት የመጣ ነው። ሥዕል ለምእመኑ የሚጸልይበት እንጂ የሙዚየም ዕቃ አይደለም የሚሉኝ ካህናትም እውነት አላቸው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ከአባ እንጦንስ የሄደው የት እንዳለ ይታወቃል፤ ይመለስልን ብለን መጠየቅ እንችላለን። በላዩ የተቀባበትን ግን ከማን እንጠይቃለን?

ምሳሌ አላጣንም እኮ። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ እ.ኤ.አ. በ1950 በተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሰው ነበር። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ሲመሠረት ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያዘ፤ በ1983 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ዋና ዋና ርእሶች ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የምናየው የሥዕል ስብስብ የእንዲህ ዓይነት ሰዎች ትዕግሥት ፍሬ ነው።

ስለዚህ ለእናንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁላችንም አጥቢያ፣ ሁላችንም የትውልድ ቀዬ አለን። በሚቀጥለው ክብረ በዓል ስትሄዱ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱና አንድ ሥዕል፣ አንድ ብቻ፣ በእርሳስ ገልብጡ። ከሥሩ የደብሩን ስም፣ ቀኑን፣ ሥዕሉ በየትኛው አቅጣጫ እንዳለና ቀለሞቹን ጻፉ። የእጅ ጽሑፋችሁ እንጂ የሥዕል ችሎታችሁ አያሳስባችሁ። መምህራንም ለተማሪዎቻችሁ የቤት ሥራ አድርጋችሁ ስጧቸው። እድሳቱ ሲመጣ ቢያንስ ምን እንደነበረ የሚናገር ወረቀት ይኖራል። ማኅበራችን ለዚህ አንድ መደርደሪያ ቢያገኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ደብተሮች የማስረክበው እኔ ነኝ።