የስኳር በሽታ የዓይን ጉዳት በስሜትና በዕለት ኑሮ ላይ

የስኳር በሽታ የዓይን ጉዳት በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ በዓይን ላይ የሚደርስ ሕመም ነው። ዋነኛው ሬቲኖፓቲ ይባላል፤ ይኸውም ሬቲና የተባለው በዓይን ጀርባ የሚገኝ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን የደም ሥሮች መጎዳት ነው። ሕመሙ እይታን ከመቀነሱም በላይ የሕመምተኛውን ስሜት፣ ሥራና የቤተሰብ ኑሮ ይነካል።

የሕመሙ ጠባይ

የተጎዱት ጥቃቅን የደም ሥሮች ፈሳሽና ደም ያፈስሳሉ፤ አንዳንዶቹም ይዘጋሉ። ሕመሙ ሲገፋ በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮች ይበቅላሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ምንም ምልክት ላይሰማ ይችላል። ኋላ ብዥታ፣ በዓይን ፊት የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም ድንገተኛ የእይታ መጋረድ ይመጣል።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከምክንያቶቹ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሲሆን፣ ከትራኮማ የሚመጣ የዓይን ጠባሳ ይከተላል። የሞራ ግርዶሽ በቀዶ ሕክምና ሲወገድ እይታ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በስኳር ለተጎዳ ሬቲና የሚሰጠው ሕክምና ግን በአብዛኛው የቀረውን እይታ ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣ ሕመምተኛ እንደ ሞራው ቀዶ ሕክምና ያለ ውጤት ጠብቆ ሊያዝን ይችላል።

በስሜት ላይ

ቀዳሚው ስሜት የመታወር ፍርሃት ነው። ሕመምተኛው «በራሴ ጥፋት ነው» ብሎ ሊጸጸት፣ ከዘመድም ወቀሳ ሊሰማ ይችላል። ሆኖም በሽታው የቆየበት ዘመን፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመምም ለጉዳቱ ምክንያት ይሆናሉ። እይታ እንደ ስኳሩ መጠን ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ፣ ትናንት ያነበበ ሰው ዛሬ «አይታየኝም» ሲል የማያምኑት አሉ። ዳዊት ወይም ቁርኣን በየዕለቱ ማንበብ ለለመደ ሰው ንባቡን ማቋረጥ ራሱ ሐዘን ነው። ድብርት ሲጨመር መድኃኒትንና ቀጠሮን መተው ይከተላል፤ ይህም ጉዳቱን ያፋጥነዋል።

በዕለት ኑሮ ላይ

ስኳርን ለመቆጣጠር የሚያስፈልገው ብዙው ነገር ዓይን ይፈልጋል። በመርፌ ላይ ያለውን የኢንሱሊን ልክ ማንበብ፣ የስኳር መለኪያውን ቁጥር ማየትና እግር ላይ ቁስል መኖሩን መፈተሽ ያስቸግራል። የጣት ነርቭ የደነዘዘበት ሰው ብሬይል ለማንበብም ይቸገራል።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሽሮ ሜዳ እንደሚሠራው ዓይነት የሸማ ሥራ ክርና ጥለት መለየትን ይጠይቃል፤ እይታው የደከመ ሸማኔ እንጀራው ይነካል። ታክሲ ላይ የረዳቱን ጥሪ ሰምቶ መሳፈር ቢቻልም፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝና ክፍት ቦይ ያሰጋሉ። በእግር መሄድ ስኳርን ለመቆጣጠር ይረዳል፤ ነገር ግን እንደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ባለ ተዳፋትና ዛፍ የሚያጠላው መንገድ ላይ ብርሃንና ጥላ ሲፈራረቁ እርምጃ ስለሚያሳስት፣ አንዳንዱ መውደቅን ፈርቶ መራመድ ይተዋል።

የሕክምና ቀጠሮም የራሱ ጫና አለው። ለምርመራ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሲደረግ ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ፣ አጃቢም ሥራውን ትቶ ይመጣል። በዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ በመጀመሪያ ወራት ብዙ ጊዜ በየወሩ ይደገማል።

መከላከልና ድጋፍ

እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት 1,441 የዓይነት 1 ስኳር ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ጥብቅ የስኳር ቁጥጥር ሬቲኖፓቲ የመጀመር ዕድልን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓይነት 2 ሕመምተኛ በሽታው እንደታወቀ፣ የዓይነት 1 ሕመምተኛ ከ5 ዓመት በኋላ የዓይን ምርመራ እንዲጀምር ይመከራል፤ ከዚያም ምርመራው በአብዛኛው በየዓመቱ ይደገማል። እይታ ለቀነሰበት ሰው ማጉያ መነጽር፣ በቂ ብርሃን፣ ድምፅ የሚያወጣ የስኳር መለኪያና ነጭ በትር ይረዳሉ። ቤተሰብ እግሩን እየፈተሸና መድኃኒቱን እየለየ ሲያግዘው፣ ሌላውን ሥራ ግን በራሱ እንዲሠራ ሲተውለት ክብሩና ነጻነቱ ይጠበቃሉ።