ዘፈኑን ገዛን፣ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው

ዛሬ ረዘም ያለ ጨዋታ ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡናችሁን ያዙና ተከተሉኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ኦሎምፒያ ነው። የቦሌ መንገድ እንደ አዲስ ከመሠራቱ በፊት፣ ከደምበል ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት ነበረች። ግድግዳዋ ላይ የሲዲ ሽፋን ተደርድሯል፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር አለ። ልጁ ፍላሽህን ተቀብሎ በጥቂት ብር ዘፈን ይሞላልሃል። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከችልኝን ፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ዘፈኖቹን ከኢንተርኔት በገንዘቧ የገዛቻቸው ናቸው። ልጁ ሊከፍታቸው ሲል ማጫወቻው "ይህን ፋይል ለማጫወት ፈቃድ የለዎትም" የሚል መልእክት አወጣ። ደጋግሞ ሞከረ፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሳቅ ብሎ "ተወው ወንድሜ፣ እነዚህ እኮ እኔ ጋ አሉ" አለና ከራሱ ፎልደር ገለበጠልኝ። ሁሉም ያለ ምንም ጥያቄ ተጫወቱ።

ያን ቀን ሳቅን። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። የከፈለችው ልጅ ስጦታ ተቆለፈ፤ ያልከፈልኩት እኔ ሰማሁ። ዘፋኙ ደግሞ ከዚያች ሱቅ ሰባራ ሳንቲም አላገኘም። ታዲያ ያ ቁልፍ የተሠራው ለማን ነበር?

በሙዚቃችን ላይ ቁልፍ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ንጉሠ ነገሥታዊ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ይህ በር ለሌላው ሁሉ ዝግ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ክልከላውን አልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች አሳተመ፤ ሸክላው የታተመው ሕንድ ነው። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት አልበሞች አወጣ። ዛሬ ፈረንጁ "ኢትዮፒክስ" በሚለው ተከታታይ የሚሰማው ወርቃማ ዘመን ትልቁ ድርሻ ከዚያ የተቀዳ ነው። የድንጋጌው ቁልፍ ዘፋኙን ለመጠበቅ የተሠራ አልነበረም፤ የሚጠብቀው ቁልፉን የያዘውን ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ካሴት መጣ። ካሴት ቁልፍ የለውም። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ አሳታሚ ሆነ። ሙዚቃ ቤቱ ለዘፋኙ አንድ ጊዜ በቁርጥ ይከፍልና ያሳትማል፤ ገበያው ደግሞ ካሴቱን ቀድቶ ያባዛዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ቢኖሩትም ሜዳ ላይ የወረደ አልነበረም። ከብዙ ጩኸት በኋላ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። ሲወጣ ቅጣቱ ቀላል አልነበረም፤ ሆነ ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀው ነበር። የኮምፒውተር ፕሮግራምም በዚሁ አዋጅ ይጠበቃል። እንግዲህ አዋጁ እንደ ቃሉ ቢሠራበት ያ የኦሎምፒያ ልጅ ለዘፈኑም፣ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ከሆነ ዘፈኑን ለሚያጫውትበት ፕሮግራምም መጠየቁ ነው። ግን ሕጉ በአንድ በኩል፣ ፍላሹ በሌላ በኩል ኖሩ።

አሁን ወደዚያ "ፈቃድ የለዎትም" ወደሚለው መልእክት እንመለስ። ከጀርባው ያለው አሠራር እንዲህ ነው። ዘፈኑ በምስጢር ኮድ ይታሸጋል። መክፈቻው ከዘፈኑ ጋር አይመጣም፤ ሩቅ ያለ የሻጩ ሰርቨር ለገዢው ኮምፒውተር ለብቻው ይልከዋል። ስለዚህ ማጫወቻው ራሱ የታመነ መሆን አለበት፤ የከፈተውን ዘፈን አሳልፎ የሚሰጥ ከሆነ እሽጉ ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ነው የፈቃድ ጉዳይ የሚመጣው። ማይክሮሶፍት በ1999 ይህን ዓይነት ቁልፍ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የታሸገ ዘፈን የሚከፍት ማጫወቻ ሠርቶ ማሰራጨት የፈለገ ሁሉ ውል መፈረም ነበረበት። ሲፈርም የራሱ መለያ ያለበት የፕሮግራም ክፍል ይሰጠዋል። ምስጢሩ በእሱ በኩል ካፈተለከ መለያው ይሰረዛል፤ ማጫወቻውም አዲስ የታሸገ ዘፈን መክፈት ያቅተዋል።

የዲቪዲውም ነገር ተመሳሳይ ነበር። ማጫወቻ የሚሠራ ፋብሪካ ሁሉ ለቁልፉ ይፈርማል፤ ዓለምም በቁጥር ተከፋፈለች። አሜሪካ ክልል 1፣ ኢትዮጵያ ክልል 5 ተባሉ። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ያመጣው ኦሪጅናል ዲቪዲ እዚህ የማይሠራው ለዚህ ነበር። በ1999 አንድ የ15 ዓመት ኖርዌያዊ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ቁልፉን ሰብሮ አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ያ ቁልፍ የሚያስቸግረው ደንብ አክባሪውን ብቻ ሆነ።

አፕል ደግሞ በ2003 የዘፈን መደብሩን ሲከፍት የራሱን ቁልፍ ሠራ፤ ለሌላ አምራች ግን ፈቃድ አልሰጥም አለ። ስቲቭ ጆብስ በ2007 በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ምክንያቱን አስረዳ፤ ምስጢሩ ብዙ እጅ ከገባ መውጣቱ አይቀርም፣ የሚሻለው የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ቁልፉን ጭራሽ ቢተዉት ነው አለ። በ2009 የአፕል ዘፈኖች ሁሉም ያለ ቁልፍ መሸጥ ጀመሩ። ሽያጩ ግን በዚህ ምክንያት አልቆመም።

ከሁሉ የሚያስተምረው የ2008ቱ ነው። የማይክሮሶፍት የነበረው ኤምኤስኤን ሙዚቃ መደብሩን ከዘጋ በኋላ፣ ቁልፍ የሚሰጡትን ሰርቨሮችም እንደሚያጠፋ ለደንበኞቹ አሳወቀ። ሰው በገንዘቡ የገዛው ዘፈን ኮምፒውተር ሲቀይር ሊዘጋበት ነው ማለት ነው። ጩኸት ሲበዛ ጊዜው ተራዘመ። ቢራዘምም ገዢው አንድ ነገር ገብቶታል፤ "ገዛሁ" ያለው ለካ ተከራይቶ ኖሯል።

"ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው፣ እኛን ምን አገባን?" የምትሉ አትጠፉም። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስና ጆኒ ራጋ ከባልደረቦቻቸው ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ይዘው መጡ። ሐሳቡ ቀጥተኛ ነበር፤ አድማጩ በስልኩ ሒሳብ ይከፍላል፣ ዘፈኑን በመተግበሪያው ውስጥ ይሰማል፣ ባለሙያውም ድርሻውን ያገኛል። ኤልያስ ለቅጂ መብት ዓመታት የተሟገተ ሰው ነበር። መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፈ፤ መተግበሪያው ሥራ ከጀመረ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከእነሱ በኋላ እነ ሰዋስውም መጥተዋል።

እኔ የእነዚህ ልጆች ጠላት አይደለሁም። ያለ ቁልፍ ማን ይከፍለናል የሚለው ጥያቄ በፍላሽ ዘመን አልበም አውጥቶ ባዶ እጁን የቀረ ዘፋኝ ጥያቄ ነው፤ ልንንቀው አይገባም። ለኪራይ ከሆነ ቁልፉ ይሁን። በወር እየከፈልኩ የምሰማውን፣ መክፈል ሳቆም ቢዘጋብኝ ቅር አይለኝም። ጥያቄዬ "ግዛ" ስለሚለው ቁልፍ ነው። መተግበሪያው ቢዘጋ፣ ባለቤቶቹ ቢጣሉ፣ ሰርቨሩ ቢጠፋ ያ አልበም የት ይገኛል? የአምሃ ሸክላ ከሃምሳ ዓመት በኋላም መርፌ ያለው ሰው ያጫውተዋል። በ2015 ዓ.ም. በመተግበሪያ ብቻ የወጣን ዘፈን የልጅ ልጆቻችን በምን ይከፍቱታል?

ለእኔ መልሱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የታሸገ አልበም የሚያወጣ ሁሉ አንድ ያልታሸገ ቅጂ ለወመዘክር ያስረክብ። መጽሐፍ ይሰጥ የለ? ሁለተኛ፣ በ"ግዛ" የሸጠ አገልግሎት ሲዘጋ ለገዢው ክፍት ፋይል እንዲሰጥ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ዘፋኙ ሲፈርም "ድርጅቱ ሥራ ካቆመ መብቱ ወደ እኔ ይመለሳል" የምትል አንቀጽ ያስገባ። አዋጅ ቁጥር 872/2007 የሮያሊቲን ገንዘብ በጋራ ለመሰብሰብ መንገድ ከፍቷል፤ ስለ ቁልፉ ግን መነጋገር አለብን።

የድንጋጌውን ነጥብ ያዙልኝ ብዬ ነበር። የ1948ቱም ቁልፍ፣ የኮምፒውተሩም ቁልፍ አንድ ጠባይ አላቸው፤ መጀመሪያ የሚጠብቁት የያዛቸውን ነው። ዘፋኙንና አድማጩን እንዲጠብቁ ከፈለግን ውሉ ላይ እኛው ልናስጽፍ ይገባል።

የአክስቴ ልጅ ዘፈኖች ዛሬም እኔ ጋ አሉ፤ ያ የኦሎምፒያ ልጅ የገለበጠልኝ ማለቴ ነው። እሷ የገዛቻቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ተከፍተው አያውቁም።

ቸር እንሰንብት።